ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራረጡ?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ምሽት የተሰጠን ርእስ የሌላ አገር ጉዳይ ነው። ይኸውም፤ የአሜሪካ ሕዝብ ፕሬዚዳንቱን ለመምረጥ በሚወጣበት ቀን በፊቱ የሚያገኛቸው ሁለቱ ትልልቅ ዕጩዎች ሁለቱም የማይወደዱ ሲሆኑ መራጩ ምን ማድረግ ይገባዋል? የሚል ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይኸ ምን ያከራክራል? ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራረጡ!» እያሉ ሲተርቱብን ሰንብተዋል። ተረቱ ያምራል፤ ሳቅም ያመጣል። እኛ ግን ንግግሩን ስናዘጋጅ እርስ በርሳችን ብዙ ከተከራከርን በኋላ የደረስንበት አሳብ ተረቱን የሚቃወም ስለ ሆነ፤ ምክንያታችንን በትዕግሥት እንድትሰሙልን እንለምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ በወሬ ላይ የተመሠረተ እንዳይመስል በመጀመሪያ የ2016ን ምርጫ እንመልከት። በዚያ ዓመት የዲሞክራት ፓርቲ ወይዘሮ ሂላሪ ክሊንተንን፤ የሪፐብሊካን ፓርቲ ደግሞ ሚስተር ዶናልድ ትራምፕን በዕጩነት አቀረቡ። ጋሉፕ የተባለው የሕዝብን አስተያየት የሚመረምር ድርጅት በምርጫው ዋዜማ ባደረገው ጥያቄ፤ ከመቶ ሰዎች 61ዱ ስለ ትራምፕ፤ 52ቱ ደግሞ ስለ ክሊንተን ያላቸው ግምት መጥፎ መሆኑን ገለጡ። እንግዲህ ከሕዝቡ ከግማሽ የሚበልጠው አንደኛውን አልወደደም፤ ከግማሽ የሚበልጠው ሌላይቱንም አልወደደም ማለት ነው። በምርጫው ቀን ድምፃቸውን ሰጥተው ሲወጡ ከተጠየቁት መካከልም ከመቶ 18 ያህሉ ሁለቱንም እንደማይወዱ ተናገሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። እነዚህ ሁለቱንም የጠሉ ሰዎች ወጥተው የመረጡ ናቸው። ከነሱም ውስጥ ከመቶ 47 ያህሉ ለትራምፕ፤ ከመቶ 30 ያህሉ ለክሊንተን ድምፃቸውን ሰጡ። በጠቅላላው የመረጠው ሕዝብ ወደ 137 ሚሊዮን ይጠጋ ስለ ነበር፤ ሁለቱንም የጠላው መራጭ በግምት ከ20 ሚሊዮን ሰው በላይ ነበር። ውጤቱን የወሰነው ልዩነት ግን እጅግ ትንሽ ነው። ትራምፕ በሚሺጋን 10,700 ያህል፤ በዊስኮንሲን 22,700 ያህል፤ በፔንሲልቬኒያ 44,300 ያህል ድምፅ በለጡ። ሦስቱ ሲደመሩ 80 ሺህ አይሞሉም። በመላው አገር በተቆጠረው ድምፅ ክሊንተን ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ቢመሩም፤ ፕሬዚዳንትነቱ በነዚህ ሦስት ስቴቶች ምክንያት ለትራምፕ ሆነ። «ሁለቱንም የሚጠላ ሰው ድምፅ ምን ዋጋ አለው?» ለሚለን ወንድማችን መልሳችን ይኸው ቁጥር ነው።

ነገሩ የአንድ ዓመት ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በ2024 የበጋው ወራት ፕሬዚዳንት ጆ ባይደንና ሚስተር ትራምፕ ዳግመኛ ሊወዳደሩ ሲሰናዱ፤ ፒው የተባለው የጥናት ተቋም ከጠየቃቸው አሜሪካውያን አንድ አራተኛ ያህሉ ሁለቱንም አንወድም ብለው ነበር።

ለመሆኑ ይህን ያህል ሕዝብ ያለው አገር ስለምን ሁለት የማይወደዱ ሰዎች ብቻ ይቀርቡለታል? ብለን ብንጠይቅ፤ መልሱ በሁለት ነገሮች ላይ ይገኛል።

አንደኛው የምርጫው ሕግ ነው። የአሜሪካን ፕሬዚዳንት የሚሾሙት ከየስቴቱ የሚላኩ 538 መራጭ እንደራሴዎች ሲሆኑ፤ ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር በ48ቱ ስቴቶች በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠው ዕጩ የስቴቱን እንደራሴዎች በሙሉ ይወስዳል፤ ሁለተኛ የወጣው ምንም አያገኝም። ሞሪስ ዱቨርዤ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1951 ስለ ፖለቲካ ፓርቲዎች ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፤ በእንዲህ ያለ ሕግ የሚመርጥ ሕዝብ ድምፁ በከንቱ እንዳይቀር ስለሚሰጋ ውሎ አድሮ በሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ሥር ይሰበሰባል። ሦስተኛ ዕጩ በሕግ አልተከለከለም። በ2016 ሚስተር ጌሪ ጆንሰን ወደ 4.5 ሚሊዮን፤ ዶክተር ጂል ስታይን 1.4 ሚሊዮን ያህል ድምፅ አግኝተዋል። ሁለቱ ግን ከ538ቱ እንደራሴዎች አንድም አላገኙም።

ሁለተኛው ምክንያት ለአብዛኛው ሰው የማይታየው ነው። ሁለቱ ዕጩዎች በኖቬምበር ከሰማይ አይወርዱም። ከዚያ አስቀድሞ እያንዳንዱ ፓርቲ ዕጩውን የሚለይበት ቅድመ ምርጫ አለ፤ በ2016 ይኸ ቅድመ ምርጫ ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን ድረስ በየስቴቱ ሲካሄድ ቆይቷል። በሪፐብሊካን በኩል 17 የታወቁ ተወዳዳሪዎች ተነሥተው ነበር። ትራምፕ በዚያ ውድድር 14 ሚሊዮን ያህል፤ ክሊንተንም በበኩላቸው 17 ሚሊዮን ያህል ድምፅ አገኙ። ሁለቱ ሲደመሩ 31 ሚሊዮን ያህል ነው። በዚያን ጊዜ ለመምረጥ መብት የነበረው ሕዝብ ግን ወደ 230 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ዕጩዎች ያቀረባቸው ከመቶ መራጭ 14 የማይሞላው ነው። የቀረው በልዩ ልዩ ምክንያት ሌላውን መርጧል፤ ወይም ደግሞ ቤቱ ተቀምጧል። በኖቬምበር ግን «እነዚህን ማን አመጣብን?» ብሎ የሚጮኸው ሰው ብዙ ነው። አባቶቻችን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ኖቬምበር ደርሷል፤ ሁለቱ ዕጩዎች ቀርበዋል፤ መራጩም ሁለቱን ጠልቷል እንበል። በፊቱ አራት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ከሁለቱ ያነሰ ጉዳት ያመጣል የሚለውን መምረጥ ነው። ይኸ መንገድ ክብር የሌለው ይመስላል፤ የሚከተለው ሰውም ብዙ ጊዜ እያፈረ ነው። ነገር ግን በ1991 በሉዊዚያና ስቴት ለአገረ ገዥነት የተደረገውን ምርጫ እንመልከት። ለመጨረሻው ዙር የቀረቡት ሁለት ሰዎች ሚስተር ኤድዊን ኤድዋርድስና ሚስተር ዴቪድ ዱክ ነበሩ። ኤድዋርድስ ቀድሞ አገረ ገዥ ሳሉ በሙስና ተከሰው በነፃ የተለቀቁ፤ ስማቸው ግን ከሐሜት ያልነጻ ሰው ነበሩ። ዱክ ደግሞ ጥቁሮችን በማሸበር የታወቀው የኩ ክላክስ ክላን መሪ የነበሩ ናቸው። በዚያን ጊዜ በየመኪናው ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀት «ሌባውን ምረጡ፤ ጉዳዩ ከባድ ነው» ይል ነበር። ሕዝቡም በብዛት ወጥቶ ከመቶ 61 ያህሉ ለኤድዋርድስ ድምፁን ሰጠ። ወረቀቱ የተናገረው እውነት መሆኑ በኋላ ታየ፤ ኤድዋርድስ በ2000 በሙስና ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ፤ በኋላም ታሰሩ። ይሁን እንጂ ያ ሕዝብ ተሳስቷል የሚል ሰው አላገኘንም። ሌባን ፍርድ ቤት ሊቀጣው ይችላል፤ በዘር ጥላቻ የተነሣን መንግሥት ግን ማን ይቀጣዋል? ያ መራጭ ሁለቱን እኩል አስቀያሚ ናቸው ብሎ ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ፤ ዋጋውን የሚከፍለው በመጀመሪያ ጥቁሩ ጎረቤቱ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ሦስተኛ ዕጩ መምረጥ ነው። ይኸ ኅሊናን ያሳርፋል። በ2000 ግን በፍሎሪዳ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሚስተር ጆርጅ ቡሽ በሚስተር አል ጎር ላይ ያገኙት ብልጫ 537 ድምፅ ሲሆን፤ ሦስተኛው ዕጩ ሚስተር ራልፍ ኔደር በዚያው ስቴት ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝተው ነበር። የኔደር ደጋፊዎች ሁሉ ጎርን ይመርጡ ነበር ለማለት አንችልም፤ የነዚያ ድምፅ ሰጪዎች ኅሊናም አይወቀስም። ነገር ግን ድምፃቸው የፈለጉትን ሰው እንዳላስሾመ፤ በሁለቱ መካከል ያለውንም ውሳኔ ለሌሎች ሰዎች እንደ ተወላቸው የታወቀ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሄዶ «ማንንም አልፈልግም» ማለት ነው። ይኸም በሕግ የተፈቀደበት ስቴት አለ። በነቫዳ በ1975 በወጣው ሕግ መሠረት በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ከዕጩዎቹ ስም ቀጥሎ «ከነዚህ ማንንም» የሚል መስመር ይታተማል። በ2016 ይህን መስመር 28,863 ሰዎች መረጡ፤ በክሊንተንና በትራምፕ መካከል በዚያ ስቴት የነበረው ልዩነት ግን 27,202 ነበር። ሕጉ እንደሚለው ይኸ መስመር አንደኛ ቢወጣም እንኳ የሚሾመው ከሰዎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ነው። በ2014 ዲሞክራቶች በነቫዳ ለአገረ ገዥነት ዕጩ ሲመርጡ «ማንንም» የሚለው አንደኛ ወጣ፤ ዕጩነቱን የወሰደው ግን ሁለተኛ የወጣው ሰው ነው። ቅሬታው ተመዘገበ፤ ወንበሩ ግን ባዶ አልቀረም። ቀሪው መንገድ ቤት መቀመጥ ነው፤ ይኸ ደግሞ ከሦስተኛው የሚለየው ቅሬታውን እንኳ የሚመዘግብለት ሰው ባለመኖሩ ነው።

በዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ እኛም በዝግጅታችን ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የተከራከርነው በዚሁ ነው። ተቃውሞው እንዲህ ይላል። «በየአራት ዓመቱ ያነሰውን ክፉ የምትመርጡ ከሆነ ፓርቲዎቹ ምን ያስፈራቸዋል? መራጩ ሌላ መሄጃ እንደሌለው ካወቁ የባሰውን እያመጡ ሲያቀርቡለት ይኖራሉ።» ይኸ ክርክር ከባድ ነው፤ በተረት የሚሸነፍም አይደለም። ምላሻችንን በሦስት ነገሮች እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ሁለቱ የማይወደዱ መሆናቸው አንድ ዓይነት መሆናቸውን አያሳይም። የተረቱ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። የምርጫው ወረቀት መራጩን ማንን ትወዳለህ? ብሎ አይጠይቀውም። የሚጠይቀው ለሚመጡት አራት ዓመቶች ይህን ሥልጣን ማን ይያዘው? ብሎ ነው። ሥልጣኑም ትንሽ አይደለም። በ2016 የተመረጡት ፕሬዚዳንት በመጀመሪያው የሥልጣን ዘመናቸው ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዕድሜ ልካቸውን የሚያገለግሉ ሦስት ዳኞች ሾሙ። ያ ፍርድ ቤት በ2022 ስለ ጽንስ ማስወረድ በ1973 የተሰጠውን ዝነኛ ፍርድ ሻረ። በዚህ የተደሰተ አለ፤ ያዘነ አለ፤ ያ የየራሱ እምነት ነው። ነገር ግን የተደሰተውም ያዘነውም ሁለቱ ዕጩዎች አንድ ነበሩ ሊል አይችልም።

ሁለተኛ፤ መራጩ የሚኖርበት ቦታ መታሰብ አለበት። ውጤቱ አስቀድሞ በሚታወቅበት ስቴት፤ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ወይም በዋዮሚንግ የሚኖር ሰው ለሦስተኛ ዕጩ ድምፁን ቢሰጥ ቅሬታውን ያለ ብዙ አደጋ ይገልጣል። በፔንሲልቬኒያ የሚኖረው ግን በእጁ ላይ ያለው ድምፅ ከቅሬታ የበለጠ ከባድ ነገር ነው። ይኸ ፍትሐዊ አይደለም፤ ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ሦስተኛ፤ ፓርቲዎቹ ሊፈሩ ይገባል በሚለው እንስማማለን። የሚፈሩበት ጊዜና ቦታ ግን ሌላ ነው። ለዚህም የ1968 ታሪክ ማስረጃ ይሆነናል። በዚያ ዓመት የቬትናም ጦርነት የአሜሪካን ወጣት አስቆጥቶ ሳለ፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሚስተር ሁበርት ሃምፍሬይ በአንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ በቺካጎ ጉባኤ የዲሞክራት ዕጩ ሆኑ። ከጉባኤው አዳራሽ ውጭ ወጣቶቹ በፖሊስ ዱላ ተደበደቡ። ከነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ ሃምፍሬይንም ኒክሰንንም አንመርጥም አሉ። ሚስተር ሪቻርድ ኒክሰን ከ73 ሚሊዮን ድምፅ በ500 ሺህ ያህል ብልጫ አሸነፉ፤ የአሜሪካ ጦርም ከቬትናም ጨርሶ የወጣው በ1973 ነው። ከዚያ ቁጣ ቋሚ ፍሬ ያፈራው ግን ሌላው ወገን ነው። ይኸውም በፓርቲው ውስጥ ገብቶ ዕጩ የሚመረጥበት ደንብ እንዲለወጥ የታገለው ነው። በዚህ ትግል ምክንያት ከ1972 ጀምሮ ዕጩውን የመለየት ሥልጣን ከጥቂት የፓርቲ ሹማምንት እጅ ወጥቶ በአብዛኛው በቅድመ ምርጫ ለሚሳተፈው ሕዝብ ተላለፈ። እንደዚሁም በዘመናችን የሜይን ሕዝብ በ2016፤ የአላስካ ሕዝብ በ2020 በገዛ ድምፃቸው ደንቡን ለውጠው፤ መራጩ ዕጩዎችን አንደኛ፤ ሁለተኛ፤ ሦስተኛ እያለ በቅደም ተከተል እንዲመርጥ አድርገዋል። በዚህ ደንብ ሦስተኛ ዕጩ የመረጠ ሰው ዕጩው ቢወድቅበት ድምፁ ወደ ሁለተኛ ምርጫው ይተላለፋል። በሳይቃጠል በቅጠል የሚታመን ሰው ሥራው ይኸ ነው።

ይኸ ጉዳይ ከኛ ወገን ምን ያገናኘዋል? የሚል ቢኖር፤ በቨርጂኒያ፤ በሜሪላንድና በሌሎችም ስቴቶች የአሜሪካ ዜግነት ያላቸው አያሌ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ እነሱም ይህንኑ ችግር በገዛ ራሳቸው ቀምሰውታል። በኦክቶበር 2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግብፅ የሕዳሴውን ግድብ ልታፈነዳው እንደምትችል በይፋ ሲናገሩ ብዙዎቹ ተቆጡ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ የፕሬዚዳንት ባይደን መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የማዕቀብ ትእዛዝ ሲያወጣና ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው የንግድ ዕድል ሊያስወጣ ሲወስን፤ አንዳንዶቹ በዚያኛው ፓርቲ ላይ ተቆጡ። በኖቬምበር 2021 በቨርጂኒያ በተደረገው የአገረ ገዥ ምርጫም ከነሱ መካከል ለሪፐብሊካኑ ዕጩ የቀሰቀሱ ነበሩ። ጦርነቱን በሌላ ዓይን የተመለከቱት ወገኖቻችን ደግሞ ማዕቀቡን ደግፈዋል። ማን ትክክል እንደ ነበረ ዛሬ አንፈርድም። ለማሳየት የፈለግነው፤ አንድ ሰው ስለ ልጁ ትምህርት ቤት፤ ስለ ሕክምና ዋጋ፤ ስለ መኖሪያ ፈቃድና ስለ ተወለደበት አገር የሚያስበውን ሁሉ በአንዲት ድምፅ ውስጥ ለመክተት ሲገደድ የሚደርስበትን ጭንቀት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ያመነበትን መዝኖ ከመረጠ በኋላ፤ በማግሥቱ ለመረጠው ሰው ደብዳቤ ጽፎ ቢቃወመው ከሃዲ አይባልም። እንዲያውም ሥራውን የፈጸመ መራጭ እሱ ነው። ድምፅ ሰጠሁ ብሎ አፉን የሚዘጋ ግን ግማሹን ሥራ ትቷል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ንግግራችንን ለመጠቅለል ያህል፤ የማይወደዱ ሁለት ዕጩዎች የቀረቡለት መራጭ ልዩነታቸውን መርምሮ ያነሰ ጉዳት የሚያመጣውን ቢመርጥ አናፍርበትም እንላለን። ይህን ሲያደርግ ግን ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛው የመረጠውን ሰው ከማግሥቱ ጀምሮ መቆጣጠር፤ ሁለተኛው በሚመጣው ጊዜ ዕጩዎቹ በሚለዩበት ስፍራ መገኘት ነው። እነዚህን ሁለት ዕዳዎች ካልከፈለ የተቃዋሚዎቻችን ክርክር እውነት ይሆናል፤ በየአራት ዓመቱም የባሰው ይቀርብለታል።

ይህንንም ስንል አሜሪካውያንን ብቻ ለመውቀስ አይደለም። ባለፈው ጊዜ የዚህ ማኅበር ዕጩዎች በተጠቆሙበት ስብሰባ ከዚህ አዳራሽ ወንበሮች የሚበዙት ባዶ ነበሩ፤ በምርጫው ቀን ግን አዳራሹ ሞልቶ ሰው በበር ላይ ቆሞ ነበር። በዕጩዎቹ የተማረረውም ብዙ ነው። የሚመጣው የጥቆማ ስብሰባ ቀን በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።

አሁን የምትቃወሙን ሁሉ አሳባችሁን እንድታቀርቡ ጊዜው የናንተ ነው።